ዳኛው ያላየው ዱላ እና ዳኛው የለካው ዱላ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥሪውን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። በምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የምከተለው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። በ1993 በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ፣ በሰባት ቀን ልዩነት በተደረጉ ሁለት ጨዋታዎች፣ አንድ ዳኛ በሁለት ዱላዎች ምክንያት እስከ ዛሬ የሚነሱ ሁለት ውሳኔዎችን ሰጠ። የመጀመሪያውን ዱላ አላየውም፤ ሁለተኛውን በመለኪያ ለካው። ባላየው ዱላ የሎስ አንጀለስ ኪንግስ ተጠቀመ፤ በለካው ዱላ ደግሞ ይኸው ቡድን ተጎዳ። ዳኛው ኬሪ ፍሬዘር ይባላል። ስለ ሆኪ ዳኝነትና ስለ መሣሪያ ሕጎች ያለኝን ሐሳብ በእነዚህ ሁለት ዱላዎች ላይ ተመሥርቼ ለማስረዳት የመረጥኩት፣ አንደኛው የተሳሳተ ሆኖ ሳለ ሊገባን የሚችል፣ ሌላኛው ትክክል ሆኖ ሳለ ሊዋጥልን ያልቻለ ውሳኔ ስለሆነ ነው።

ጨዋታውን ለማያዘወትሩ ጥቂት ልበል። በበረዶው ላይ ከእያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ ይሰለፋሉ፤ ጨዋታው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ በሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ይካሄዳል። የሚመታው ፓክ የሚባል ጠንካራ የጎማ ቁራጭ ነው። ጥፋት የሠራ ተጫዋች ለቀላል ጥፋት 2 ደቂቃ፣ ለከባድ ጥፋት 5 ደቂቃ በቅጣት መቀመጫ ውስጥ ይቆያል፤ ቡድኑም በዚያ ጊዜ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ስለዚህ በሆኪ የዳኛ ውሳኔ ከእግር ኳስ ቢጫ ካርድ ይልቅ ወዲያውኑ በውጤት ላይ ይንጸባረቃል፤ በሰው ብዛት የሚበልጠው ቡድን ግብ የማግባት ዕድሉ ወዲያውኑ ከፍ ይላል። ዋንጫው የሚወሰነውም አራት ጊዜ ቀድሞ ባሸነፈ ቡድን ስለሆነ፣ በአንድ ምሽት የተሰጠ ወይም የተዘለለ ቅጣት የአንድን ወር ልፋት ሊገለብጥ ይችላል።

የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው ግንቦት 27 ቀን 1993 በሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው በኢንግልዉድ ነበር። የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ኪንግስን ባሸነፋቸው ጨዋታዎች ብዛት 3 ለ 2 እየመራ ስለነበር፣ ያን ምሽት ቢያሸንፍ ለዋንጫው ፍጻሜ ያልፍ ነበር። መደበኛው ሰዓት 4 ለ 4 አልቆ ወደ ጭማሪ ሰዓት ተገባ። በጭማሪው መጀመሪያ ላይ ዌይን ግሬትስኪ ፓኩን ሊመታ ሲወነጭፍ የዱላው ጫፍ የቶሮንቶውን ዳግ ጊልሞርን አገጭ መታው። ጊልሞር ደማ፤ ኋላም ቁስሉ ተሰፋ። በዚያን ጊዜ ሕግ መሠረት ከፍ ብሎ ተቃዋሚን ያደማ ዱላ ከባድ ቅጣት ያስከትላል። ፍሬዘር ግን ቅጽበቱን አላየም። ጊልሞርን ጠየቀው፤ ሁለቱን የመስመር ዳኞች ጠርቶ አነጋገራቸው፤ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር አላገኘም፤ ቅጣትም ሳይሰጥ ጨዋታው ቀጠለ። ብዙ ሳይቆይ የማሸነፊያውን ግብ ያገባው ራሱ ግሬትስኪ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ በቶሮንቶ በተደረገው ሰባተኛ ጨዋታ ደግሞ ሦስት ግብ አግብቶ ቡድኑን ለፍጻሜ አሳለፈ።

እዚህ ቶሮንቶ የምንኖር ሰዎች ይህ ቁስል ለምን እንዳልሻረ እናውቃለን። ሜፕል ሊፍስ የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫ የሚባለውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣው በ1967 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለፍጻሜ እንኳ አልደረሰም። በዚያ ዓመት ቢያልፍ የሚገጥመው ሞንትሪያልን ነበር፤ የካናዳ ሁለት ታላላቅ ከተሞች ለዋንጫ የሚፋለሙበት ዕድል በአንድ ያልታየ ዱላ አመለጠ። የፍሬዘር ስም በዚህች ከተማ እስከ ዛሬ በምሬት ይነሳል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ዳኛውን ለመኮነን አልደፍርም። በዚያን ዘመን በበረዶው ላይ ቅጣት የመስጠት ሙሉ ሥልጣን ያለው ዳኛ አንድ ብቻ ነበር። አሥር ሰዎች በከፍተኛ ፍጥነት በሚንሸራተቱበት ሜዳ አንድ ጥንድ ዓይን ፓኩን እየተከተለ ከፓኩ ጀርባ የሚሆነውንም ሁሉ እንዲያይ ይጠበቅ ነበር። ሰውየው ደሙን አይቷል፤ ደሙን ያመጣውን ግን አላየም። ያላየውን አላየሁም ብሎ ፈረደ፤ በኋለኞቹ ዓመታትም ስህተቱን በአደባባይ ደጋግሞ አምኗል። ሊጉ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለት ዳኛ በከፊል ሞክሮ፣ ከ2000–01 ጀምሮ በሁሉም ጨዋታ ሁለት ዋና ዳኞችን አሰማራ። የዓይን ጉድለት በሌላ ዓይን ታገዘ ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ስህተት መድኃኒት አለው።

ወደ ሁለተኛው ዱላ እንምጣ። ሰኔ 3 ቀን 1993 በሞንትሪያል ፎረም የፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ ይካሄዳል። ኪንግስ የመጀመሪያውን 4 ለ 1 አሸንፏል፤ በሁለተኛውም 2 ለ 1 እየመራ ነው። ሊያበቃ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ሲቀረው የሞንትሪያሉ አሰልጣኝ ዣክ ዴመር የኪንግሱ ተከላካይ የማርቲ ማክሶርሊ ዱላ እንዲለካ ጠየቀ። ማክሶርሊ በ1988 ግሬትስኪ ከኤድመንተን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር አብሮት የመጣ፣ ግሬትስኪን በጉልበት የሚጠብቅ ተጫዋች ነበር። ፍሬዘር ዱላውን ወስዶ በመለኪያው ላይ አስቀመጠው፤ የምላሱ፣ ማለትም ፓኩን የሚመታው የዱላው ጠፍጣፋ ጫፍ፣ ጉብጠት ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ማክሶርሊ ለ2 ደቂቃ ወጣ። ዴመር ይህ ሳይበቃው በረኛውን ፓትሪክ ሩዋን አስወጥቶ በምትኩ ስድስተኛ ተጫዋች አስገባ፤ ስድስት ሰው በአራት ላይ ዘመተ። 1 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ሲቀረው ተከላካዩ ኤሪክ ዴዣርዳን አቻ አደረገ። ጭማሪው በተጀመረ በ51ኛው ሰከንድ ራሱ ዴዣርዳን የማሸነፊያውን አገባ። የሞንትሪያልን ሦስቱንም ግብ ያገባ እሱ ነበር፤ በፍጻሜ ጨዋታ ሦስት ግብ ያገባ የመጀመሪያው ተከላካይም ሆነ። ኪንግስ ከዚያ ወዲያ ማገገም አልቻለም፤ ሞንትሪያል 4 ለ 1 በሆነ ድምር ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዋንጫው ለካናዳ ቡድን ሳይገባ አለፈ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ የዳኛ ስህተት ፈልጋችሁ አታገኙም። ሕጉ ተጽፏል፤ ጥያቄው በሥርዓት ቀርቧል፤ መለኪያው ቁጥር እንጂ አስተያየት አይሰጥም፤ ማክሶርሊም ዱላው ሕጋዊ ነው ብሎ አልተከራከረም። ሆኖም የኪንግስ ሰዎች በዚያ ምሽት የተሰማቸው የመዘረፍ ስሜት ከቶሮንቶ ደጋፊዎች ስሜት የተለየ አልነበረም፤ አሰልጣኛቸው ባሪ ሜልሮዝም ቅሬታውን አልደበቀም። የሞንትሪያል ሰዎች ጨዋታው ሳይጀመር የተጋጣሚውን ዱላዎች በምስጢር ለክተዋል የሚል ክስም ለዓመታት ሲነሳ ኖሯል፤ ሞንትሪያሎች አይቀበሉትም። ታዲያ ትክክለኛ ፍርድ እንዴት በደል መስሎ ሊታይ ቻለ? መልሱን ለማግኘት የጎበጠውን ዱላ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

እኛ በልጅነታችን ያየነውን የገና ጨዋታ አስታውሱ። ሩሯን የምንመታበት ዱላ ከጫካ ሲቆረጥ ጀምሮ ጫፉ ጎባጣ የሆነው ይመረጥ ነበር፤ የጉብጠቱን መጠን የሚለካም የሚጠይቅም አልነበረም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ መመታትም መቧጨርም ይታለፍ ነበር። በካናዳው ሆኪ ነገሩ የተጀመረው በተቃራኒው ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የዱላው ምላስ ቀጥ ያለ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቺካጎዎቹ ስታን ሚኪታና ቦቢ ኸል ምላሱን አጉብጠው መጫወት ጀመሩ። ሚኪታ ወደዚህ የመጣው በልምምድ ላይ ዱላው ተሰንጥቆ ሲጎብጥ፣ በዚያ በተጎዳ ዱላ የመታው ፓክ ባልተለመደ መንገድ ሲከንፍ አይቶ ነው ይባላል። የጎበጠ ምላስ ፓኩን ሰብስቦ ይይዛል፤ በኃይል ሲመታም ከፍ ብሎ ሄዶ በድንገት እንዲወርድ ወይም እንዲታጠፍ ያደርገዋል። ለአጥቂው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ለበረኛው ግን አደጋ ነበር፤ በዚያን ዘመን ፊታቸውን ሳይሸፍኑ የሚቆሙ በረኞች ገና ነበሩና። ዣክ ፕላንት ፊቱ በፓክ ከተመታ በኋላ ጭምብል አድርጎ ወደ ሜዳ የተመለሰው ኅዳር 1 ቀን 1959 ነበር፤ እሱንም አሰልጣኙ ቶ ብሌክ በደስታ አልተቀበለውም።

ስለዚህ ሊጉ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደብ አወጣ። መጀመሪያ አንድ ኢንች ተኩል ፈቀደ፤ ከዚያ ወደ አንድ ኢንች፣ በ1970 ገደማ ደግሞ ወደ ግማሽ ኢንች አወረደው። ግማሽ ኢንች አሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በዓይን እንዲህ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ሕጉ የተወለደው ከደህንነት ስጋት ነው፤ በረኞች ሁሉ ጭምብል ካደረጉ በኋላ ግን ምክንያቱ እየሳሳ ሄደ፤ ቁጥሩ ግን ባለበት ጸና። ተጫዋቾች በተግባር ከግማሽ ኢንች በላይ የጎበጠ ዱላ ይዘው መግባታቸው በመልበሻ ክፍሎች የታወቀ ነገር ሆነ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረውና ውጤቱ ሲቀራረብ ወደ ሕጋዊው ዱላ መቀየርም የጥንቁቆች ልማድ ነበር። ማክሶርሊ ያን ምሽት አልቀየረም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ዳኛው በራሱ ተነሳሽነት ዱላ እየለካ አይዞርም፤ የሚለካው አንዱ ቡድን ሲጠይቅ ነው። ዱላው ሕጋዊ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የጠየቀው ቡድን ይቀጣል። በዚህም የተነሳ ጥያቄው ሕግ የማስከበር ሥራ መሆኑ ቀርቶ የአሰልጣኝ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ ይሆናል፤ የሚወጣውም ጥፋቱ በተፈጸመበት ሰዓት ሳይሆን ለጠያቂው በሚመቸው ሰዓት ነው። ያ ዱላ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሕገ ወጥ ከነበረ፣ በ58ኛው ደቂቃ የተለየ ወንጀል አልሠራም። እኔ ዴመርን አልወቅስም፤ ሕጉ የሰጠውን ተጠቅሟል፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የምጠይቅ ይመስለኛል። የምወቅሰው፣ ሁሉም እያወቀው የሚኖርን ጥፋት አንዱ ሲፈልገው ብቻ እንዲነሳ ያደረገውን አሠራር ነው። የሆኪን ዳኝነት ከዓይን ስህተት ይልቅ የጎዳው ይህ ይመስለኛል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውንም ጉዳዮች በዚሁ ሚዛን እንድታዩልኝ እለምናለሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 19 ቀን 1999፣ በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ቡፋሎ ሴበርስና ዳላስ ስታርስ 1 ለ 1 ሆነው ሦስተኛ ጭማሪ ሰዓት ውስጥ ገብተዋል። ከበረኛው ፊት በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ክልል አለ፤ በዚያን ዘመን ሕግ ፓኩ ቀድሞ ካልገባ በቀር የአጥቂ እግር በዚያ ክልል ካለ ግቡ ይሻር ነበር። በዚያው የውድድር ዓመት የበረኛውን ሥራ በምንም ያላደናቀፈ የጫማ ጫፍ ክልሉ ውስጥ ተገኘ እየተባለ ብዙ ግቦች በቪዲዮ ምስል ተሽረዋል። በዚያ ሌሊት የዳላሱ ብሬት ኸል አንድ እግሩ ክልሉ ውስጥ ሆኖ፣ ከበረኛው ከዶሚኒክ ሃሼክ ተመልሶ የመጣውን ፓክ አገባ። የዳላስ ሰዎች በደስታ ወደ በረዶው ጎረፉ፤ ዋንጫውም ተሰጠ። ብሬት የዚያ ዱላውን ያጎበጠው የቦቢ ኸል ልጅ ነው፤ አባትና ልጅ ሁለቱም ስማቸው ከሊጉ አከራካሪ ሕጎች ጋር መያያዙ ይገርመኛል።

የሊጉ ማብራሪያ፣ ኸል ፓኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቁጥጥሩ ሥር ስላደረገ እግሩ መግባቱ አይከለከልም የሚል ነበር፤ ይህም ትርጉም በውድድር ዓመቱ መገባደጃ ለቡድኖች በተላከ የውስጥ ማስታወሻ ተገልጿል ተባለ። ማብራሪያው ከሕግ አንጻር ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን የቡፋሎ ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ ያየው ሕግ አንድ ነው፤ በዋንጫው ሌሊት የተነገረው ሌላ። ተመልካቹ የማያውቀው ማስታወሻ ተመልካቹን አሳምኖ ወደ ቤቱ ሊሸኘው አይችልም። ሊጉም ያንን የክልል ሕግ ለቀጣዩ ዓመት አላቆየውም፤ በረኛው መደናቀፍ አለመደናቀፉን ዳኛው እንዲፈርድ ተደረገ። ቡፋሎ እስካሁን ዋንጫ አላገኘም፤ በከተማዋም «ግብ አይደለም» የሚለው ቃል ዛሬም የክርክር መክፈቻ ነው።

በእግር ኳስ የቪዲዮ ዳኝነትን ለምታውቁ፣ ቀጥሎ ያለው ታሪክ እንግዳ አይሆንባችሁም። የካቲት 18 ቀን 2013 የኮሎራዶው ማት ዱሼን ከናሽቪል ጋር ሲጫወት የማጥቂያው ክልል ከሚጀምርበት ሰማያዊ መስመር ከፓኩ ቀድሞ በግልጽ አልፎ፣ ማለትም ኦፍሳይድ ሆኖ፣ ፓክ ተቀብሎ ግብ አገባ፤ የመስመር ዳኛው ግን ፊሽካ አልነፋም። እንዲህ ያለውን ዐይን ያወጣ ስህተት ለማረም በ2015–16 አሰልጣኞች በቪዲዮ እንዲታይ የመጠየቅ መብት ተሰጣቸው። የሆነው ግን ሌላ ነው። አሰልጣኞች ለዓይን የማይታዩ ስህተቶችን መፈለጊያ አደረጉት፤ አንድ ተጫዋች ከግቡ ብዙ ቀደም ብሎ መስመሩን ሲያቋርጥ የኋላ ጫማው ከበረዶው በፀጉር ያህል ተነሥቶ ነበር እየተባለ ግብ ተሻረ። በ2020–21 ጫማው በአየር ላይ ቢሆንም ከመስመሩ በላይ እስካለ ድረስ ይበቃል ተባለ፤ ያልተሳካ የኦፍሳይድ ጥያቄም ከዚያ ቀደም፣ ከ2017–18 ጀምሮ፣ በቅጣት የሚያስከፍል ሆኖ ነበር። ለትልቅ ስህተት የተሠራው መፍትሔ ለትንሹ ሲውል፣ የማክሶርሊ ዱላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ወደ ደሙ ልመለስ፤ ምክንያቱም በ2019 የጊልሞር ጉዳይ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ታይቷል። ሚያዝያ 23 ቀን በሰባተኛው ጨዋታ ቬጋስ ሳን ሆዜን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ 3 ለ 0 እየመራ ነው። የቬጋሱ ኮዲ ኢከን የሳን ሆዜውን ጆ ፓቨልስኪን ጨዋታውን ለማስጀመር ፓኩ በመካከላቸው ከተጣለ በኋላ በዱላው ገፋው፤ ፓቨልስኪ ሚዛኑን ስቶ ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ራሱም በረዶውን መታ፤ ደማ። ዳኞቹ መጀመሪያ እጃቸውን አላነሱም። ደሙን ካዩ በኋላ ተመካክረው የ5 ደቂቃ ከባድ ቅጣት ሰጡ። ሳን ሆዜ በዚያ አንድ ቅጣት አራት ግብ አገባ፤ በኋላም በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 አሸነፈ። የቬጋሱ ኃላፊ ጆርጅ ማክፊ ሊጉ ይቅርታ እንደጠየቃቸው ተናገረ፤ የዚያ ምሽት ሁለቱ ዋና ዳኞችም ለቀጣዩ ዙር አልተመረጡም። በ1993 ፍሬዘር ደም አይቶ መንስኤውን ስላላየ አልቀጣም፤ በ2019 ዳኞቹ መንስኤውን በሚገባ ሳያዩ ከደሙ ተነስተው ቀጡ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ የፍሬዘርን እመርጣለሁ። ጉዳት ብቻውን የጥፋትን መጠን አያሳይም፤ ያላየ ዳኛ በግምት የቀጣ እንደሆነ የሚቀጣውን ሰው አያውቀውም።

በዚያው ዓመት ግንቦት 15 ቀን የሳን ሆዜው ቲሞ ማየር ፓኩን በእጁ ለጓደኛው አቀብሎ፣ ኤሪክ ካርልሰን በጭማሪ ሰዓት በሴንት ሉዊስ ላይ አገባ። በእጅ ማቀበሉን በቴሌቪዥን የተመለከተ ሁሉ አየው፤ ነገር ግን በሕጉ መሠረት እጅ መንካት በቪዲዮ ከሚታዩ ጉዳዮች ውስጥ ስላልነበረ፣ አራቱም ዳኞች ምስሉን ማየት አልቻሉም። ሊጉ በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ሕጉን አሰፋ። ዳኞች ከጠብ ውጪ ያለውን ከባድ ቅጣት ሁሉ በምስል አይተው እንዲያጸኑ ወይም እንዲያቀሉ ታዘዙ፤ በእጅ ማቀበልና የመሳሰሉት ከግብ በፊት የታለፉ ጉዳዮችም በአሰልጣኝ ጥያቄ የሚታዩ ሆኑ። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም ማሻሻያው የተሰጠን ቅጣት ለማረም እንጂ ያልተሰጠን ቅጣት ለመስጠት አይፈቅድም። የግሬትስኪ ዱላ በዚያ ሕግ ሥር ቢፈጸምም፣ ሁለቱ ዳኞች ካላዩት በቀር፣ ምስሉን ሚሊዮን ሰው እያየው ያልፍ ነበር። ይህን ገደብ ያስቀመጡት ጨዋታው በየደቂቃው እንዳይቆም ፈርተው መሆኑን እረዳለሁ፤ ደም በፈሰሰበት ጊዜ ብቻ እንኳ ቢፈቀድ ግን የሚያጠፋው ጊዜ ብዙ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ያልተጻፈ ሕግ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የታወቀው መጋቢት 23 ቀን 2021 ናሽቪልና ዲትሮይት ሲጫወቱ ነው። የዳኛው የቲም ፒል የድምፅ ማጉያ ክፍት ሆኖ ቀርቶ፣ በናሽቪል ላይ ቀደም ብሎ ቅጣት ለመስጠት ፈልጎ እንደነበረ ሲናገር በስርጭቱ ተሰማ። ሊጉ ወዲያውኑ ከዚያ ወዲያ እንደማያጫውት አስታወቀ። ብዙዎች ሰውየውን እንደ አጭበርባሪ አዩት። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። በሆኪ ውስጥ ዳኞች ቅጣትን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያመጣጥናሉ፣ በጨዋታው መጨረሻም ፊሽካ ከመንፋት ይቆጠባሉ የሚለው እምነት ተጫዋቹም አሰልጣኙም ዘጋቢውም ለዓመታት በግልጽ ሲነጋገሩበት የኖሩት ነገር ነው። ፒል ጮክ ብሎ ተናገረው፤ የተባረረውም ስለተናገረው ነው። ልማዱ ግን ከእሱ ጋር ተባርሯል ወይ? በ2ኛው ደቂቃ ጥፋት የሆነ ነገር በ58ኛውም ጥፋት ካልሆነ፣ ተጫዋቹ የሚያነበው የሕግ መጽሐፉን ሳይሆን ሰዓቱን ነው።

ስለ መሣሪያ ስናወራ ከጥቅም ሌላ ሕይወትም አለ፤ ይህንንም ችላ ማለት አልችልም። ጥር 13 ቀን 1968 የሚኒሶታው ቢል ማስተርተን ያለ ራስ ቁር ሲጫወት ወድቆ ራሱን ተመታ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ሊጉ የራስ ቁርን ግዴታ ያደረገው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1979 ነው፤ እሱም ለአዲስ ገቢዎች ብቻ። ነባሮቹ ፈርመው ያለ ቁር መጫወት ይችሉ ነበር፤ የመጨረሻው ክሬግ ማክታቪሽ እስከ 1997 ድረስ ባዶ ራሱን ተጫወተ። ኬሪ ፍሬዘር ራሱ፣ የሌሎችን መሣሪያ የሚለካው ሰው፣ ዳኞች ሁሉ እንዲያደርጉ እስከታዘዙበት እስከ 2006 ድረስ ቁር አያደርግም ነበር። የዓይን መከላከያው መስታወትም በ2013 በተመሳሳይ መንገድ መጣ፤ ከ25 ጨዋታ በላይ የተጫወቱት ምርጫ ተሰጣቸው፣ አዲሶቹ ተገደዱ።

አሁን ተራው የአንገት መከላከያ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1989 የቡፋሎው በረኛ ክሊንት ማላርቹክ አንገቱ በጫማ ስለት ተቆርጦ፣ በሕክምና ባለሙያው ፈጣን እርዳታ ሞትን ለጥቂት አመለጠ። ጥቅምት 28 ቀን 2023 ግን በእንግሊዝ ሼፊልድ፣ ቀድሞ ለፒትስበርግ የተጫወተው አዳም ጆንሰን በዚያው ዓይነት ጉዳት ሕይወቱ አለፈ፤ ዕድሜው 29 ነበር። ብሔራዊ የሆኪ ሊግና የተጫዋቾቹ ማኅበር በ2025 በተስማሙት ውል መሠረት፣ ከ2026–27 ጀምሮ ወደ ሊጉ አዲስ የሚገቡት ተጫዋቾች አንገታቸውን እንዲሸፍኑ ይገደዳሉ፤ ነባሮቹ በፈቃዳቸው ነው። ተጫዋቾች በራሳቸው አካል ላይ የመወሰን መብታቸውን የሚከራከሩበት ምክንያት መሠረት የሌለው አይደለም፤ መሣሪያው እንቅስቃሴን ይገድባል፣ ይሞቃል፣ ለዓመታት የለመዱትን ያናጋል። ግን ስለቱ ነባርና አዲስ አይለይም። ለዱላ ጉብጠት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ቅጣት ያለው ሊግ፣ ለአንገት ሲሆን ትውልድ እስኪተካ መጠበቁ ለእኔ ከማክሶርሊ ቅጣት በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጆቻቸውን በክረምት ወደ በረዶ ሜዳ የምትወስዱ ወላጆች ካላችሁ፣ የልጁን አንገት መሸፈኛ ለመግዛት የሊጉን ሕግ አትጠብቁ።

በመሣሪያ ጉዳይ ሊጉ ጥሩ የሠራበትም ቦታ አለ። በረኞች እግራቸውን የሚሸፍኑበት ንጣፍ እስከ 12 ኢንች ስፋት ደርሶ ጎሉን በአካል ሳይሆን በልብስ የሚዘጉበት ዘመን መጥቶ ነበር። ሙሉ የውድድር ዓመት ከተሰረዘ በኋላ፣ በ2005–06 ወደ 11 ኢንች ተቀነሰ፤ በኋለኞቹ ዓመታት የእግር ንጣፉ ቁመት፣ ሱሪውና የደረቱ መከላከያም እንደ በረኛው የአካል መጠን እንዲሆን ተወሰነ። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ የበረኛው ልብስ ጉዳይ በዋናነት የሊጉ ሥራ እንጂ ተጋጣሚው አሰልጣኝ በመጨረሻው ደቂቃ የሚመዘው ካርድ አልሆነም። ረጅሙ ዜዴኖ ቻራ ከ63 ኢንቹ ገደብ በላይ የረዘመ ዱላ ሲያስፈልገውም፣ ልዩ ፈቃዱ በግልጽ በሕግ ተጽፎ ስለተሰጠው ማንም አልተከራከረበትም።

የዱላው ጉብጠት ገደብም በ2006 ወደ ሦስት አራተኛ ኢንች ከፍ ተደረገ፤ ማለትም ሕጉ ተጫዋቾች በተግባር ወደያዙት ዱላ ተጠጋ። መለካቱ ግን በጠያቂ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ቀረ። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ዱላዎች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በዳኞቹ ይለኩ፣ ምልክት ይደረግባቸው፣ ከዚያ ወዲያ የመለካት ጥያቄ ይቅር። መለኪያው ያው ነው፤ በ1993 ፍሬዘር እጅ የነበረው ዓይነት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢወጣ ማክሶርሊ ሌላ ዱላ ይዞ ይገባ ነበር፤ ሞንትሪያልም አቻ የሚሆንበትን ግብ በአምስት ለአምስት መፈለግ ግድ ይሆንበት ነበር።